ዓሣ እንደ ወንዙ ቀለሙን ስለ መለወጡና ስለ ጽናቱ

ቢምቢን ለማጥፋት ወደ ኵሬና ወደ ወንዝ ዓሣ ይጨመር የሚል አሳብ ሲቀርብ፥ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም፥ ውሃውም በርስቱ ላይ ያለ ባለርስት፥ አስቀድሞ የዓሣውን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። ለዚህም ጉፒ የተባለችው ትንሽ ዓሣ መልካም ምስክር ናት።

ጉፒ የትሪኒዳድ ደሴትና የቬኔዝዌላ ወንዞች ተወላጅ ናት። ስሟን ያገኘችው በ1866 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ ነው) ከትሪኒዳድ ወደ ሎንዶን ሙዚየም ከላኳት ከሮበርት ጉፒ ነው። ዕንቁላል አትጥልም፤ አንድ ወር ያህል አርግዛ፥ እንደ ተወለዱ የሚዋኙ ልጆች ትወልዳለች። እንስቲቱ ግራጫ ስትሆን ተባዕቱ በብርቱካንማ፥ በጥቍርና በሰማያዊ ነቍጥ ያጌጠ ነው፤ እንደ ሰው መልክም የሁለቱ ወንዶች ኅብር አንድ ሆኖ አይገኝም።

ከደሴቲቱ ሰሜናዊ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች በፏፏቴ የተከፋፈሉ ናቸው። ከፏፏቴው በታች ጉፒን የሚበሉ ትልልቅ ዓሦች አሉ፤ እነርሱ ግን ፏፏቴውን ሊወጡ ስለማይችሉ በላይኛው ውሃ ጠላቷ ጥቂት ነው። በታችኛው ውሃ ደማቁ ወንድ ቶሎ ታይቶ ስለሚበላ የሚተርፈው ደብዛዛው ነው። በላይኛው ግን እንስቶቹ ብርቱካንማውን ስለሚመርጡ የደማቁ ዘር ይበዛል። ይህም ቀለም ድንጋይን ከሚያለብሰው አልጌና ወደ ውሃ ከሚወድቅ ፍሬ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ድምቀቱ ዓሣው በደኅና መመገቡን ያስረዳል።

ጆን ኤንድለር የተባሉት ሊቅ ይህን በ1976 ዓ.ም. ፈተኑት። ጠላት ከበዛበት ውሃ ዓሦችን ወስደው ጉፒ ወዳልነበረበት፥ ጠላትም ወዳነሰበት ጅረት ቢጨምሯቸው፥ በሁለት ዓመት ገደማ የወንዶቹ ልጆች ከአባቶቻቸው ይልቅ ደምቀው ተገኙ።

ጽናቷም የሚያስደንቅ ነው። በቆሻሻ ቦይ፥ በትሪኒዳድም የዝፍት ሐይቅ ላይ በሚጠራቀመው ውሃ ትኖራለች። እንስቲቱ የወንዱን ዘር ለብዙ ወር በሆድዋ ስለምታቈይ፥ አንዲቱ ብቻዋን ብትጣል ኵሬ ልትሞላ ትችላለች። ስለዚህም የቢምቢን ትል እንድትበላ ወደ ብዙ አገር ተወሰደች።

ነገር ግን ለጥቅም የተፈለገው ጽናት ለጉዳትም ይሆናል። በ1957 ዓ.ም. ካሪል ሃስኪንስ የተባሉት ሊቅ 200 ጉፒ ከአሪማ ወንዝ ወደ ቱሩሬ ወንዝ ላይኛ ክፍል ጨመሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመረመር፥ የእነዚያ ዘር ፏፏቴውን ወርዶ የታችኛውን ውሃ ተወላጅ ዘር በብዙ ስፍራ ተክቶ ተገኘ። ጋምቡዚያ የተባለችው ዘመዷም ለዚሁ ሥራ በተወሰደችበት በአውስትራልያ የአገሩን ትንንሽ ዓሦች ጎድታለች።

እንግዲህ ባዕድ ዓሣ ይጨመር የሚል አሳብ ሲቀርብ ሦስት ነገር መመርመር ይገባል። አንደኛ፥ በውሃው ውስጥ የቢምቢን ትል የሚበላ የአገሩ ዓሣ መኖሩን፤ ሁለተኛ፥ ኵሬው በክረምት ሞልቶ ከወንዝ ጋር መገናኘቱን፤ ሦስተኛ፥ ከወንዙ በታች ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚኖር። ይህ በዐዋቂ ሳይመረመር ፈቃድ መስጠት አይገባም፤ ወደ ወንዝ የተለቀቀ ዓሣ ተመልሶ አይሰበሰብምና።