ተረትና እውነታ፦ «ቬኒስ ለደካማ ጉልበት አትሆንም»

ስለ ቬኒስ ከሚነገረው ሁሉ አንዱ አባባል ሰው ቤት ያስቀራል። «መኪና የማይገባባት፣ ድልድይ በድልድይ የሆነች ከተማ ናት፤ መራመድ ለሚከብደው ሰው አትሆንም» ይባላል። አባባሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበል የአዋቂ ምክር መስሏል። ሚላን፣ ሮም ወይም ፍራንክፈርት ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ በመጡ ወላጆች ላይ ሲፈርድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቪዛው በስንት ደጅ ጥናት ተገኝቶ፣ እናት መጥታ፣ ልጆቹ ለቅዳሜና እሑድ ወደ ቬኒስ ሲነሡ «እማዬ፣ ያንቺ ጉልበት ደረጃውን አይችለውም፤ ቤት ብታርፊ ይሻልሻል» ይሏታል። እሷም ሸክም እንዳትሆንባቸው ብላ «ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ እዚያ ምን አለኝ» ትላለች። ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።

እምነቱ ከምንም ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ቬኒስ ከመቶ በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ደሴቶቹን የሚያያይዙት ድልድዮችም ከ400 ይበልጣሉ። ጀልባ በሥራቸው እንዲያልፍ መሐላቸው ከፍ ብሎ ስለተሠራ አብዛኞቹ በደረጃ ይወጣሉ፣ በደረጃ ይወርዳሉ። በታሪካዊው ከተማ ውስጥ ብስክሌት መንዳት እንኳ ክልክል ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ሳን ማርኮ አደባባይ በእግር የሚሄድ ሰው በጠባብ መተላለፊያዎች እየተጠማዘዘ ድልድይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ሻንጣ ከያዘ ጎረምሳም ቢሆን ያልበዋል።

ከተማዋ ራሷም ለዚህ ስም አስተዋጽኦ አድርጋለች። መኪናና አውቶቡስ የሚቆምበትን ፒያሳሌ ሮማን ከባቡር ጣቢያው ወገን የሚያገናኘው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተከፈተው። ስፔናዊው አርክቴክት ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው አዲስ ድልድይ ሆኖ ሳለ በደረጃ ተሠራ። ከብዙ ወቀሳ በኋላ በጎኑ የሚንሸራተት፣ እንቁላል የመሰለ ክፍል ለዊልቸር ተጠቃሚዎች ተገጠመለት፤ እሱም ደህና ሳያገለግል ቀርቶ በ2020 ተነቅሎ ተወሰደ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ በከተማዋ መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱ ያሳዝናል። ይህን የሰማ ሰው «መግቢያዋ እንዲህ ከሆነ ውስጧማ እንዴት ይሆናል» ቢል አይፈረድበትም።

ስሕተቱ ግን ከተማዋን በእግር ብቻ ከመለካት ይጀምራል። የቬኒስ አውራ ጎዳና ውኃው ነው። የታላላቆቹ ቤቶች የክብር በር የተከፈተው ወደ ቦዩ ነው፤ የእግር መንገዱ ጓሮ ለጓሮ የሚሄድ መተላለፊያ ነበር። ዛሬም አምቡላንሱ ጀልባ ነው፣ የእሳት አደጋ መከላከያው ጀልባ ነው፣ ቆሻሻ የሚሰበስበውም፣ ለሱቁ ዕቃ የሚያደርሰውም ጀልባ ነው። እንደ ከተማ አውቶቡስ ሕዝብ የሚያመላልሰው ጀልባ ደግሞ ቫፖሬቶ ይባላል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ድልድይ የሚቆጥርላት ሰው ምን ያደርግላታል? የሚያስፈልጋት ቫፖሬቶው የት የት እንደሚቆም የሚነግራት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ ኤስ ፊደል ተጠማዝዞ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ታላቅ ቦይ አለ፤ ካናል ግራንዴ ይባላል። በዚህ ቦይ ላይ ያሉት የእግር ድልድዮች አራት ብቻ ናቸው። ቁጥር 1 ቫፖሬቶ ከፒያሳሌ ሮማ ተነሥቶ በቦዩ ላይ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዳርቻ እየቆመ ይወርዳል። ማለትም በእግር ቢሆን በድልድይ የሚያቋርጡትን ውኃ ጀልባው ራሱ ያሻግራል። የመሳፈሪያው መድረክ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ከውኃው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ጀልባው ሲጠጋ ሠራተኛው በገመድ አሥሮ የብረት መዝጊያውን ይከፍታል፤ የመድረኩና የጀልባው ወለል እምብዛም አይበላለጥምና የተሳፋሪው ሥራ መራመድ ብቻ ነው። ዊልቸር እየተገፋ ይገባል። ለዊልቸር ተጠቃሚ ልዩ የቅናሽ ቲኬት አለ፤ አጃቢው አይከፍልም። ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ሰፋፊ ጀልባዎች ስለሆኑ የሚመረጡት እነሱ ናቸው፤ በከተማዋ ዙሪያ የሚሄዱት ትንንሾቹ ጀልባዎች ወደ መቀመጫው የሚያስወርድ ደረጃ አላቸው።

የከተማው አስተዳደር ራሱ እንደሚለው በቫፖሬቶ እየተጠቀመ የሚሄድ ሰው መራመድ ቢቸገርም ከታሪካዊው ከተማ ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ሊደርስበት ይችላል። ያለ ድልድይ የሚደረስባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታም አዘጋጅቷል። ቁልፉ በትክክለኛው ማቆሚያ መውረድ ነው። ሳን ማርኮ አደባባይ ለመሄድ «ሳን ማርኮ ቫላሬሶ» በሚባለው ከወረዱ እስከ አደባባዩ መሐል ድረስ አንድም ድልድይ የለም፤ ትንሽ አልፎ ሳን ዛካሪያ የወረደ ሰው ግን ድልድይ ወጥቶ መውረድ አለበት። የሁለቱ ማቆሚያዎች ርቀት ትንሽ ነው፤ ለታመመ ጉልበት ግን ቀኑን በሙሉ የሚወስን ልዩነት ነው። የአካዳሚያ የሥዕል ሙዚየም በራሱ ስም ከሚጠራው ማቆሚያ አጠገብ ነው። ታላቁን የፍራሪ ቤተ ክርስቲያን ማየት የሚፈልግ ሳን ቶማ ይውረድ። ባሕሩን እያዩ መንሸራሸር ለሚወድ ደግሞ ዛቴሬ የሚባለው ደቡባዊ ዳርቻ ሰፊና ሜዳ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ለሚሮጠው ማራቶን በዚያ ባሉት ድልድዮች ላይ ተዳፋት መወጣጫ ይነጠፋል፤ ከውድድሩም በኋላ ለወራት ይቆያል።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የማረፊያ ምርጫ ነው። ሰው ዋጋና ፎቶ አይቶ ክፍል ይይዛል፤ ከዚያ ሲደርስ በጀልባው ማቆሚያና በሆቴሉ መካከል ሦስት ድልድይ፣ ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ አሳንሰር የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ያገኛል። እናትየው በመጀመሪያው ምሽት ትደክማለች፤ ጥፋቱ የከተማዋ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ለማረፊያው ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከቅርቡ የቫፖሬቶ ማቆሚያ እስከ በራችሁ ስንት ድልድይ አለ? አሳንሰር አላችሁ? «ቅርብ ነን» የሚል መልስ አይበቃም። ቁጥሩን ይንገሯችሁ። መልሱ «ምንም ድልድይ የለም» ከሆነና አሳንሰር ካለ፣ ከሁሉ የከበደው ችግር ቤታችሁ ሳላችሁ ተፈትቷል።

ሁሉም ይመቻል ብዬ አልምልም። በሐምሌ ቀትር ቫፖሬቶው ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ምርኩዝ ለያዘ ሰው ይከብዳል፤ ስለዚህ በጠዋት መሳፈር፣ የሚቻል ከሆነም መነሻው ከሆነው ፒያሳሌ ሮማ ገብቶ መቀመጫ መያዝ ይሻላል። ከካናል ግራንዴ አራት ድልድዮች አንዱ የሆነው የሪያልቶ ድልድይ ራሱ ደረጃ ነው፤ ከላዩ መቆም ያቃተው ሰው በሥሩ በጀልባ ያልፋል። ወደ ውስጥ የገቡ ጸጥ ያሉ ሰፈሮች በተለይም የካስቴሎና የካናሬጆ ብዙ ክፍል ያለ ድልድይ አይደረስባቸውም። በጣም የታመመን ሰው በተመለከተ ደግሞ ከሐኪሙና ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ከተማዋን አንዴ በሩጫ ያየ ወይም ጨርሶ ያላያት ሰው «አይሆንም» ብሎ በሌላው ሰው አካል ላይ መወሰኑ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት የሚያዘጋጁ አስጎብኚዎችም ይህን ያስፋፋሉ፤ ቡድኑን ከአውቶቡስ አውርደው ባንዲራ እያውለበለቡ በድልድዩ ላይ መንዳት ለእነሱ ይቀናቸዋል። የሚዘገይ ሰው ፕሮግራማቸውን ያበላሻል። ስለዚህ «አይመከርም» ይላሉ፤ ከተማዋን የማየት መብት የፈጣን እግር ብቻ ይመስል።

የቀሩት እምነቶች ኪስ ይጎዳሉ እንጂ የዚህን ያህል አይከፉም።

«ከአውሮፕላን ማረፊያው በግል ታክሲ ጀልባ ካልሆነ አይገባም» የሚለው ሐሰት ነው። ያ ጀልባ ከመቶ ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ከማርኮ ፖሎ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ አውቶቡስ አለ፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ፒያሳሌ ሮማ ያደርሳል፣ እዚያው ቫፖሬቶው ይጠብቃል። በአውቶቡስ መሄድ የማይፈልግ ደግሞ ሕዝብ የሚጭን የአውሮፕላን ማረፊያ ጀልባ ያገኛል። በውኃ ብቻ ይገባ የነበረው ድሮ ነው፤ የአፄ ዳዊት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1402 ቬኒስ ሲደርሱ ከጀልባ ሌላ መግቢያ አልነበረም። የባቡሩ ድልድይ በ1846፣ የመኪናው በ1933 ተከፍተዋል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላን ወይም ሮም ወርዶ በባቡር መቀጠል ይችላል፤ ከሚላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከሮም አራት ሰዓት ገደማ ነው። መራመድ የሚቸገር ሰው ካለ በጣሊያን ትላልቅ ባቡር ጣቢያዎች «ሳላ ብሉ» የሚባል የእርዳታ ክፍል አለ፤ ቀደም ብሎ ከተነገረው በማንሻ ያሳፍራል፣ ያወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ «ቬኔዚያ ሜስትሬ» ቬኒስ አይደለችም፤ በየብስ ያለች ሌላ ጣቢያ ናት። ውኃው ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ጣቢያ «ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ» ናት፤ ከሜስትሬ አሥር ደቂቃ ያህል ትቀራለች። ስሙን አይተው ሻንጣቸውን ይዘው ሜስትሬ የሚወርዱ ብዙ ናቸው። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች «ቬኒስ» ብለው የሚሸጡትም ትሬቪዞ የሚባል ሌላ ከተማ ላይ የሚያርፍ ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ አስቡ።

«መኪና ይዤ ብሄድ በር ላይ አቆማለሁ» የሚልም አለ። መኪናው ፒያሳሌ ሮማ ወይም ትሮንኬቶ ላይ ይቀራል፤ ክፍያውም ውድ ነው፤ ሜስትሬ አቁሞ በባቡር መግባት ይረክሳል። በተቃራኒው «በቬኒስ ምድር መኪና የሚባል የለም» ማለትም ልክ አይደለም፤ የባሕር ዳርቻዋ የሊዶ ደሴት መኪናም የከተማ አውቶቡስም አላት፣ መንገዷም ሜዳ ነው። መራመድ ለሚከብደው ሰው ጥሩ ማረፊያ ልትሆን ትችላለች።

ጎንዶላን እንደ ትራንስፖርት የሚያስቡ ሰዎች ዋጋውን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ጎንዶላ ሽርሽር ነው፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ከተማው የወሰነው የቀን ዋጋ ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው። ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለምና «በነፍስ ወከፍ ነው» ካሏችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ካናል ግራንዴን ለመሻገር ብቻ ግን ትራጌቶ የሚባል የማሻገሪያ ጎንዶላ አለ፤ ለጎብኚ 2 ዩሮ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን አይሆንም፤ እግር አንሥቶ መግባት አለበትና። የቫፖሬቶ ቲኬት ለ75 ደቂቃ 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ሰው የ24 ሰዓቱን ቢገዛ ያተርፋል። ከመሳፈራችሁ በፊት ቲኬቱን ማሽኑ ላይ አስነኩ፤ ገዝቶ ሳያስነካ የተገኘ ሰውም ይቀጣል።

«ዓመቱን ሙሉ በጎርፍ ነው» የሚለውም የተጋነነ ነው። ከፍተኛ ውኃ የሚመጣው በብዛት በመጸውና በክረምታቸው ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ይመለሳል። በኅዳር 2019 ውኃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከባድ ጉዳት አድርሶ ነበር። ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ግን ሞዜ የሚባሉት 78 የብረት በሮች ከባሕሩ ወለል እየተነሡ ከፍተኛውን ውኃ ይከለክላሉ። በሮቹ ለትንንሹ ከፍታ ስለማይነሡ ዝቅተኛ የሆነው የሳን ማርኮ አደባባይ አሁንም አልፎ አልፎ ይረጥባል።

በመጨረሻ «አሁንማ ወደ ከተማዋ በቲኬት ነው የሚገባው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጎብኚ በሚበዛባቸው የተመረጡ ቀናት ሳያድር ለሚመለስ ሰው የመግቢያ ክፍያ አለ። በ2025 ቀደም ብሎ ለከፈለ 5፣ በመጨረሻው ሰዓት ለሚከፍል 10 ዩሮ ነበር። በከተማው ውስጥ የሚያድር ሰው ይህን አይከፍልም፤ የሚያድር መሆኑን ግን ቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። ከመነሣታችሁ በፊት የምትሄዱበት ቀን ክፍያ ያለበት መሆኑን በከተማው ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ የእናታችሁንም ስም አብራችሁ አስመዝግቡ።