ከመደርደሪያው የጠፋው የልጆች መጽሐፍ

ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅዎ የያዙት በስንት ዓመትዎ ነበር? ጥያቄው ብዙዎቻችንን ትንሽ ያሳፍረናል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ግን መልሱን በግልጽ ተናግረውታል፤ በ19 ዓመታቸው ነበር። የነጌሌ ቦረናው ወጣት በዚያ ዕድሜ እጁ የገባችው አንዲት የፍቅር ልቦለድ ናት። የኋላ ሙያቸውን ስናይ፣ ያቺ መጽሐፍ ሥራዋን ሠርታለች ለማለት ያስደፍራል።

በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው በሱዳን በኩል አሜሪካ ገቡ። እዚያም ተምረው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም በሕፃናት ክፍል ተቀጥረው ሠሩ።

ብዙ ሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ከማበደርና «ዝም በሉ!» ከማለት የዘለለ ሥራ ያለው አይመስለውም። የሕፃናት ክፍል ግን ሌላ ዓለም ነው። በተረት ሰዓት ልጆቹ መሬት ላይ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። አንባቢው መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ልጆቹ አዙሮ ይይዛል፤ ሥዕሉን እያሳየ፣ ጽሑፉን በጎን እያየ ያነባል። ገጹን ከመግለጡ በፊት ቆም ብሎ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ይላል። አንዱ ይገምታል፣ ሌላው «አይደለም!» ብሎ ይሟገታል። ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረው ልጅ በዚህ መሐል መጽሐፍ ከየት እንደሚጀመር፣ ዓይን በመስመሩ ላይ ወዴት እንደሚሄድ፣ የመጽሐፍ ቋንቋ ከደጅ ወሬ በምን እንደሚለይ ይማራል። (ቁርኣን ቤት የሚሄደው ልጃችን እንኳ ከቀኝ የሚጀምር ጽሑፍም እንዳለ ቀድሞ ያውቃል።)

ዘመኑ ለቤተ መጻሕፍት የለውጥ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የሳን ፍራንሲስኮ ዋና ቤተ መጻሕፍት ወደ አዲስ ሕንፃ ሲገባ፣ የመጻሕፍት ዝርዝር የሰፈረባቸው ካርዶች ቦታቸውን ለኮምፒዩተር ለቅቀው ነበር። አን ሃሚልተንና አን ቻምበርሌን የተባሉ ሁለት አርቲስቶችም 50,000 ያህሉን ካርዶች በሕንፃው ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው። ትናንት መጽሐፍ ያስገኝ የነበረው ካርድ የግድግዳ ጌጥ ሆነ።

ታዲያ አቶ ዮሐንስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እንዲያዝዙ ኃላፊነት ሲሰጣቸው አማርኛም ፈለጉ። የሚታዘዝ አንድም አላገኙም! የቻይናው ልጅ በቋንቋው ያገኛል፣ የስፓኒሹም ያገኛል፤ የኢትዮጵያዊው ልጅ ተራ ላይ ሲደረስ ባዶ ነው። ይህ የፍለጋው መሣሪያ ጉድለት አልነበረም። ካርድ ቢገላበጥም ኮምፒዩተር ቢጠየቅም፣ ያልታተመ መጽሐፍ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ራሳቸው ብዕር አነሡ። ስለ ቂሉ ማሞ የሚነገረውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በዚያው ዓመት 15,000 የሚሆኑ የልጆች መጻሕፍት ይዘው አገራቸው ገቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በአዋሳ መጻሕፍት በጋሪ ተጭነው በአህያ እየተጎተቱ ወደ ልጆች መሄድ ጀመሩ። መብራት አይጠፋበትም፣ መሥመር አይቋረጥበትም! ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል።

ይሁንና አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። ከአሜሪካ የመጡት መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ። መደርደሪያ ሞላ ማለት ልጁ የሚገባውን አገኘ ማለት አይደለም። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሕፃን በማያውቀው ቋንቋ ስለ በረዶ ሲነበብለት በሥዕሉ ሊደሰት ይችላል፤ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ሲባል ግን አፉ ይያዛል። በእኔ እይታ ከ15,000ዎቹ ይልቅ ያቺ አንዲት የማሞ መጽሐፍ ትበልጣለች።

አዲስ መሣሪያ ሁሉ የተረት ጠላት ነው ማለትም አይደለም። ቴሌቪዥን አገራችን በገባበት በ1957 ዓ.ም. ከእርሱ ጋር አባባ ተስፋዬን ይዞልን መጣ። ከ40 ዓመታት በላይ ልጆች በእርሳቸው ድምፅ አድገዋል፤ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ እንኳ ጎረቤት ሄዶ በር ላይ ተደርድሮ ያይ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሞባይል አለ። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተሰኘው ድረ ገጽ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮችን በነፃ ያቀርባል። ችግሩ የሚመጣው ልጁ እንዳያስቸግረን ብለን ስልኩን ብቻውን ስንሰጠው ነው። ስልክ ልጁ ሲጠይቅ ቆም ብሎ አይጠብቀውም። ያንኑ ታሪክ አባት ወይም እናት ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ቢያነቡለት ግን ከሳን ፍራንሲስኮው የተረት ሰዓት በምን ያንሳል?

በየቤታችን ልጅ ከቁርኣን ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ቀራህ? የት ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ልጁም ያሰማል፣ ይታረማል። ከዚያው ላይ አሥር ደቂቃ ለተረት መጨመር ብዙ ድካም የለውም። የልጅ መጽሐፍ በቤቱ ከሌለ ደግሞ አያት ትኖር ይሆናል። አንድ ደብተር ገዝቶ፣ እሷ ስትተርክ ትልቁ ልጅ እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ ሥዕሉን ለትንንሾቹ መተው ነው።