ዕዳን በመዝገብና በመረዳዳት ስለ መክፈል

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ በተካሰሱ ጊዜ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱን በሰንሰለት ወይም በልብስ ጫፍ አንድነት ያስተሳስሯቸው ነበር። ይህም ሥርዓት ቁራኛ ይባል ነበር። ባለ ዕዳው ወደ ገበያ ቢወጣ ባለ ገንዘቡ አብሮት ይወጣል፤ ባለ ገንዘቡ ወደ ዳኛ ቢሄድ ባለ ዕዳው ይከተለዋል። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን ከአፋችን አልጠፋም፤ ከሰው የማይለይ በሽታና ችግር ሁሉ ቁራኛ ይባላልና። የቀድሞው ቁራኛ ከባድ ውርደት እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን የሰውየውን ዕዳ አገር ሁሉ ያውቀው ነበር። የዛሬው ባለ ዕዳ ግን ዕዳውን ከሚስቱ፣ ከወንድሙና ከጎረቤቱ ሰውሮ ብቻውን ይሸከማል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ የተሰወረ ዕዳ እንዴት እንደሚያድግና ተጽፎ ወዳጅ ያወቀው ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ነው።

ዕዳ ወደ ገበሬ ቤት የሚገባበት ወራት የታወቀ ነው። እህል የሚታጨደውና የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ደግሞም ጥር የሰርግ ወር ስለ ሆነ የተሸጠው እህል ገንዘብ ሳይቀመጥ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ፋሲካ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት፣ ያው ገበሬ በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ለመግዣውም ይበደራል። መስከረም ሲጠባ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የዘመን መለወጫና የመስቀል ወጪ ይጨመርበታል። በመካከሉ ሞት ቢደርስ ተዝካር አለ። ደመወዝተኛው መምህር ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ስለሚያገኝ ከዚህ የሚድን ይመስለዋል፤ ነገር ግን በሱቅ በዱቤ መውሰድ የጀመረ እንደ ሆነ፣ ደመወዙ ከእጁ ሳይገባ የባለ ሱቁ ገንዘብ ይሆናል።

ዱቤ ግን ከአራጣ ጋር አይተካከልም። አራጣ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ብናየው ይሻላል፤ መምህራንም ይህን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቻቸው ቢሠሩላቸው ከብዙ ምክር ይበልጣል። አንድ ሰው 6,000 ብር ተበደረ እንበል፤ አራጣውም ከ100 ብር በወር 10 ብር ይሁን። የወሩ አራጣ 600 ብር ነው። ይህ ሰው በየወሩ 600 ብር እየወሰደ ቢሰጥ፣ በዓመቱ 7,200 ብር ከፍሎ ዕዳው ያው 6,000 ብር ሆኖ ይቆየዋል። ከተበደረው በላይ ከፈለ፤ ከዕዳው ግን አንድ ብር አልጎደለም።

በየወሩ 1,000 ብር ለመክፈል ቢቆርጥስ? በመጀመሪያው ወር 600 ብሩ ለአራጣ ይሄዳል፤ 400 ብሩ ከዋናው ይቀነሳል፤ 5,600 ይቀራል። በሁለተኛው ወር 5,160፣ በሦስተኛው ወር 4,676 ይቀራል። እንግዲህ ይህ ሰው በሦስት ወር 3,000 ብር ከፍሎ ዕዳው የቀነሰለት 1,324 ብር ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ይህ ዕዳ የሚያልቅ አይደለም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ቦታ ላይ ነው። ነገር ግን ቢታገሥ፣ ዋናው እያነሰ በሄደ ቁጥር አራጣውም ያንሳል፤ በሰባተኛው ወር መጨረሻ የሚቀረው 2,205 ብር ያህል ነው፤ ይህም በሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። በ10ኛው ወር የሚከፍለው 625 ብር ብቻ ሲሆን፣ ድምሩ 9,625 ብር ይሆናል።

በሕግ በኩል የሆነ እንደ ሆነ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ ተዋዋዮቹ ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከ100 ብር 12 ብር እንዳያልፍ ወስኗል። ይህ ለ6,000 ብር በዓመት 720 ብር ማለት ነው። ከላይ የቈጠርነው አራጣ 7,200 ነበርና ዐሥር እጥፍ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ በወረቀቱ ላይ አራጣ የሚል ቃል አያስጽፍም። ተበዳሪው የሚቀበለው 6,000 ብር ሲሆን ወረቀቱ 9,000 ብር እንደ ተቀበለ ይናገራል። እኔ ይህን የምጽፈው በጸሐፊነት ስሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ ስለ ጻፍሁ ነው። ተበዳሪው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር፤ ቁጥሩን ሲነግሩኝ እውነት እንዳልሆነ አውቄ ጻፍሁ፤ የጽሕፈት ዋጋዬንም ተቀበልሁ። በመንደር ጽሕፈት የምታውቁ ሁላችሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ጻፉ መባላችሁ አይቀርምና አስቀድማችሁ ብታስቡበት መልካም ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። የሚያስፈልገው የተማሪ ደብተር ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዕዳ ሁሉ ይጻፋል፤ ለማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ መቼ እንደሚከፈል። የባለ ሱቁ ዱቤና ከጎረቤት የተወሰደው ቁና እህል እንኳ አይቅር። ይህን ሲጽፉ ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡ። ባል ደብቆ የተበደረውን ሚስት ሳታውቅ በምን ወጪ ትቀንሳለች? ስለ ቤት ወጪ ከባል ይልቅ ሚስት ታውቃለችና፣ ያለ እርሷ የተጻፈ መዝገብ ከሳምንት አያልፍም። ከዚያ በሚቀጥሉት ገጾች ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ወራቱ ተራ በተራ ይጻፋሉ፤ በየወሩም ይመጣል የተባለው ገቢና የማይቀረው ወጪ ይደለደላል። ዛሬ በጀት የሚሉት ይህ ነው። ለገበሬ የወር በጀት ብቻ አይበቃውም፤ የዓመት ሊሆን ይገባዋል፤ የነሐሴ ቀለብ በጥር ካልተለየ በነሐሴ ሊለይ አይችልምና። በጥር ከሚሸጠው እህል ላይ ለክረምት የሚሆነው አስቀድሞ ተሰፍሮ ይቀመጥ፤ ለዕዳ የሚከፈለውም ለሰርግ ከሚወጣው በፊት ይለይ። በሰርግና በተዝካር ላይ ብዙ መናገር አልሻም፤ ሰው ወገኑን ማክበሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን በአራጣ ገንዘብ የተጣለ ድንኳን የሙታንም የሕያዋንም ክብር አይደለም ብዬ አምናለሁ።

መዝገብ ብቻውን ግን አይጸናም። እኔ ለአባቴ ተዝካር የተበደርሁትን ሁለት ዓመት ለማንም ሳልናገር ስከፍል ኖርሁ፤ ይኸውም ቅድም እንዳልነው አራጣውን ብቻ ነበር። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራ ባልንጀራዬ የእርሱን ዕዳ አወጋኝ፤ እኔም የእኔን ነገርሁት፤ ሦስተኛ ወዳጅም ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በተቀበልንበት ቀን ማታ ቡና እየጠጣን ደብተራችንን እንገልጥ ነበር። ያልከፈለ ሰው ቢኖር ስለ ምን እንዳልከፈለ ይናገራል፤ ሌሎቹም ወጪውን አይተው ከየትኛው ሊቀነስ እንደሚችል ይነግሩታል። ስድብም ስብከትም አልነበረም። በሦስተኛው ወር ላይ እኔ ልተው ብዬ ነበር፤ ባልንጀራዬ ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ሠርቶ አሳየኝ። በአገራችን «አይዞህ» የሚባለው ቃል ብዙ ጊዜ በከንቱ ይነገራል፤ በዚያን ቀን ግን ቁጥር ይዞ መጣ።

ከዚህ የሚበልጠው መረዳዳት ግን በዕቁብ የሚሆነው ነው። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 600 ብር ቢያዋጡ 6,000 ብር ይሆናል። ሌሎቹ ዕቁብተኞች በፈቃዳቸው የመጀመሪያውን ዕጣ ለዚያ ባለ ዕዳ ቢለቁለት፣ እስከዚያ ቀን ያለውን አራጣ ከራሱ ከፍሎ ዋናውን ዕዳ በአንድ ቀን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 600 ብር ለዕቁቡ ይጥላል፤ ይኸውም ቀድሞ ለአራጣ ሲሰጠው የነበረው ገንዘብ ነው። በዐሥር ወር 6,000 ብር ከፍሎ ይፈጽማል፤ ለአራጣ አበዳሪው 9,625 ይከፍል ነበርና 3,625 ብር በቤቱ ይቀርለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው። ዕጣውን የለቀቁትም ሰዎች ገንዘባቸውን አላጡም፤ ተራቸው ሲደርስ ሙሉውን ይቀበላሉ።

ይሁን እንጂ አስቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ መጥራት አለበት፤ ዋሱም ሰውየው ቢያቋርጥ ራሱ እንደሚከፍል አውቆ ይግባ። ዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፤ የተቀበለና የከፈለ ሁሉ በየጊዜው ይፈርም። ባለ ዕዳውም ከዕቁቡ የወሰደውን ገንዘብ በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ፤ ከዕቁቡ ዳኛ ጋር በቀጥታ ወደ ባለ ገንዘቡ ይሂድ። ይህ አለመታመን አይደለም፤ 6,000 ብር በኪስ ሲያድር ብዙ ሐሳብ ያመጣልና ነው። እንዲሁም ዕዳው ዕቁብ ከሚችለው በላይ በሆነ ጊዜ፣ ሽማግሎች ወደ አበዳሪው ሄደው አራጣውን አቁሞ ዋናውን በየጊዜው እንዲቀበል ቢለምኑት ብዙ ጊዜ እሺ ይላል፤ ክስ ከሚመጣበት ዋናውን ማግኘት ይሻለዋልና። በሕብረት ሥራ የተቋቋመ የቁጠባና የብድር ማኅበር በአቅራቢያው ካለም፣ ቀድሞ ቆጥቦ ከዚያ መበደር ከአራጣ እጅግ ይቀላል።

ወደ ፊት የግድ ብድር የሚያስፈልግ እንደ ሆነ በትክክለኛው ቁጥር በጽሑፍ ይሁን፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በምስክር ብቻ ማስረዳት በሕግ አይቻልም። ዕዳው ባለቀ ቀንም ባለ ገንዘቡ የተቀበለበትን ደረሰኝ በፊርማው ይስጥ፤ የቀድሞውም ወረቀት ለባለ ዕዳው ይመለስ፤ በምስክሮቹም ፊት ይቀደድ። ገንዘቡን ከፍሎ ወረቀቱን «ነገ እሰጥሃለሁ» ሲሉት ትቶ የሄደ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ወረቀት ሲከሰስ አይቻለሁ።