ከመንገደኛ እስከ ቴምር ዛፍ፦ አንድ ምርመራ

በኮሮና ወረርሽኝ ዓመታት በደማም ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ያለፈ መንገደኛ የፒሲአር ምርመራን አይዘነጋውም። ይኸው ዘዴ፣ ከአየር ማረፊያው በስተ ደቡብ በምትገኘው በአል አሕሳ፣ ከወረርሽኙ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ለቴምር ዛፍ ውሎ ነበር።

አል አሕሳ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የቴምር ዛፎች ያሉባት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ለምለም ምድር ናት። ገበሬዎቿ «አል ወጃም» የሚሉት በሽታ ቅጠሉን ያቀጭጫል፤ ቢጫ ያደርጋል፤ ዘለላውን ያሳንሳል፤ ውሎ አድሮም ዛፉን ያመክናል። ውኃ የጠማው ዛፍም ቢጫ ሊሆን ስለሚችል ዓይን ብቻውን አይፈርድም።

ተመራማሪዎች በታመሙት ዛፎች ውስጥ ያገኙት ፋይቶፕላዝማ የተባለ፣ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ ነው። በዛፉ የምግብ መተላለፊያ ቧንቧ ተሸሽጎ ስለሚኖር በቤተ ሙከራ ማራባት እጅግ አዳጋች ነው፤ ስለዚህ የሚያዘው በዘረመሉ አሻራ ነው። ፒሲአር ያችን ጥቂት አሻራ እያባዛ ያወጣታል።

የታመመውን ዛፍ የሚፈውስ አስተማማኝ መድኃኒት ስለሌለ፣ ዋናው ነገር ንጹሕ ተክል መትከል ነው። ገበሬው ከእናት ዛፍ ሥር ነቅሎ የሚተክለው ቡቃያ ሕመሙን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ተመርምሮ በቤተ ሙከራ የተባዛ ችግኝ ግን ይህን ሥጋት ይቀንሳል። ቡቃያ በሻንጣው ሸሽጎ አፋር ሊተክል የሚመኝ ወገንም፣ ከመብረሩ በፊት የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቅ።