ሰውና ሥራው

በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጸሐፊዎች ደብዳቤ አርቅቀው ለአለቃቸው አቀረቡ እንበል። አለቃቸውም ሁለቱንም በቀይ ቀለም አርመው መለሱላቸው። አንደኛው፤ «እኔ ለምንም የማልረባ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ ሁሉም ይንቀኛል» ብሎ ምሳውን ሳይበላ ዋለ፤ በማግሥቱም ብዕር ማንሣት ፈራ። ሁለተኛው ግን ጥቂት ቅር ቢለውም፤ «ደብዳቤው ስሕተት አለበት፤ ላርመው ይገባኛል» ብሎ እንደገና ጻፈ።

የደረሰባቸው ነገር አንድ ሲሆን ኀዘናቸው ስለ ምን ተለያየ? ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር አልበርት ኤሊስ ናቸው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ተወልደው በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ። የታወቁበትን የሥነ ልቡና ሕክምና ማስተማር የጀመሩት በ1955 ዓ.ም. ነው። ትምህርታቸውም በሦስት ነገር ይጠቃለላል፤ ይኸውም መጀመሪያ የደረሰው ነገር፤ ቀጥሎ ሰው ስለዚያ ነገር ያለው እምነት፤ በመጨረሻም ከእምነቱ የሚወለደው ስሜት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ያደቀቀው ቀዩ ቀለም ብቻ ሳይሆን ለራሱ የፈረደው ፍርድ ጭምር ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ቀድሞ ባሪያ የነበረው ፈላስፋ ኤፒክቴቶስ ከ1900 ዓመታት ገደማ በፊት ይህንኑ የመሰለ ነገር አስተምሯል።

ዶክተር ኤሊስ በ19 ዓመታቸው ከሴቶች ጋር መነጋገር እጅግ ያፍሩ ነበር። ይህን ለማሸነፍ በኒው ዮርክ፤ በብሮንክስ የዕፅዋት ሥፍራ፤ በአንድ ወር ውስጥ 100 ያህል ሴቶችን እንዳነጋገሩ ተርከዋል። ቀጠሮ የሰጠቻቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ቀረች። ነገር ግን የፈሩት መዓት አልወረደባቸውም፤ ፍርሃታቸውም ለቀቃቸው።

ከዚህ የምንማረው ሥራንና ሠሪን ለይቶ ማየትን ነው። ሥራ ይመዘናል፤ ይታረማል። ሰው ግን ብዙ በጎና ብዙ ጉድለት ያለበት ስለ ሆነ በአንድ ስሕተት ሁለንተናው ሊመዘን አይችልም። ይህ ማለት ግን ስንፍናን መሸፈን አይደለም፤ እንዲያውም ራሱን ያልጠላ ሰው ጉድለቱን ሳይፈራ ይመለከታል። ቋንቋ የሚማር ሰው ይሣቅብኛል ብሎ ዝም ቢል ዝምታው ሰዋስው አያስተምረውም። ተናግሮ የታረመ ግን ነገ አንድ ቃል ይጨምራል።

ኀዘን ሁሉ በማሰብ ይጠፋል ማለትም አይደለም። ዘመድ ለሞተበት ማልቀስ ተገቢ ነው፤ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ጭንቀት ሲሰነብት ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። የወደቀው ራሱ ሌላ ምሳር ሊያነሣ አይገባውም። ወላጆችም ልጃቸው ሒሳብ ሲሳሳት «አንተ ደደብ» ከማለት ይልቅ «ይህ ስሌት ተሳስቷል፤ ና አብረን እንየው» ቢሉት፤ ልጁ ስሌቱን ያርማል፤ ራሱንም አይጠላም።