ያረጀ ሙክት

ሙክት አያረጅም። ቢያንስ እኛ አገር አያረጅም። ወጠጤው ከጎረመሰ በኋላ ይኮላሻል፤ ጓሮ ታስሮ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና አተላ እየተቀለበ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ሥጋ ሲሞላ ወይ ፋሲካ ይደርሳል፣ ወይ ሠርግ። የሞጆ ኤክስፖርት ቄራዎች ይህን ያህል እንኳ አይታገሡም፤ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚሰበስቡት ያልተኮላሸውን ለጋ ወንድ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ከፍየል ጋር የኖረ ሰው እንኳ፣ 12 ዓመት የሞላው ሙክት ምን እንደሚመስልና ምን እንደሚያመው የሚያይበት አጋጣሚ የለውም።

ያ እንስሳ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ ገጠሮች፣ ፍየል ስም ወጥቶለት ከቤተሰቡ ጋር በሚኖርባቸው ግቢዎች። ከእነዚህ ፍየሎች ብዙዎቹ ዘራቸው አፍሪካዊ ነው። ፒግሚ የሚባሉት ድንክ ፍየሎች ከካሜሩን አካባቢ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ መካነ አራዊት ተወሰዱ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ገቡ። ቁመታቸው ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፣ ይዘልላሉ፣ ከልጆች ጋር ይላመዳሉ። አውራው ግን ለቤት አይመችም። በስሪያ ወቅት ጢሙንና የፊት እግሮቹን በገዛ ሽንቱ እያራሰ ይዞራል፤ ሽታውም ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ሰው መሃል የሚኖር ወንድ ፍየል እንግዲህ ይኮላሻል። ለወተት ብሎ የሚያረባውም ከሚወለዱት ወንዶች አንዱን ወይም ሁለቱን ለአውራነት ያስቀርና የቀሩትን አኮላሽቶ ለፈለገ በትንሽ ዋጋ ይሰጣል። ከእርድና ከቸልታ የተረፉ እንስሳትን የሚያኖሩ መጠለያዎችም አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው ፋርም ሳንክቹዋሪ ነው፤ በኒው ዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን በሚባል ቦታ ግቢ አለው። እዚያ ፍየል ጥርሱ እስኪያልቅ ይኖራል። በደንብ የተያዘ ሙክት 12፣ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል።

እንዲህ ለብዙ ዓመት የሚኖር ሙክት ከሚሞትባቸው ሕመሞች ከፊተኞቹ አንዱ የሽንት መዘጋት ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች መከተል ይበቃል። የእንስቷ የሽንት ቧንቧ አጭርና ሰፊ ነው፤ ጠጠር ቢኖርባት እንኳ ብዙውን ጊዜ ሳታውቀው ከሽንቷ ጋር ይወጣል። የወንዱ ከፊኛው ተነሥቶ ዳሌው ላይ ይታጠፋል፤ ቁልቁል ይወርድና ከቆለጡ ከረጢት በስተኋላ ሁለት ጊዜ ይጠማዘዛል፤ ከዚያ በሆዱ ሥር ወደፊት ያቀናል። መጨረሻው ላይ ከብልቱ ጫፍ አልፋ የምትንጠለጠል፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር የምትረዝም፣ ክር የመሰለች ጭራ አለችው፤ ሽንቱ የሚወጣው በእሷ ውስጥ አልፎ ነው። ጠጠር የሚቀረቀረው በአብዛኛው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፤ ወይ ጠምዛዛው ላይ፣ ወይ ጭራዋ ውስጥ።

የማኮላሸቱ ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ሙሉ ስፋቱን የሚያገኘው ከቆለጡ በሚመነጨው ሆርሞን ነው። ከዚህም ሌላ ግልገል ሲወለድ ብልቱ ከሸለፈቱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወለደው፤ የሚላቀቀው ሲጎረምስ ነው። በተወለደ በጥቂት ሳምንት የተኮላሸ ግልገል ቧንቧው እንደ ጠበበ፣ ብልቱም እንደ ተጣበቀ ሊቀር ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ሐኪም ያችን ጭራ ላያት ቢል ስቦ ማውጣት ያቅተዋል። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ማኮላሸቱ ጥቂት ወራት ይቆይ የሚሉት ለዚህ ነው። የእኛ ገበሬ እስኪጎረምስ የሚጠብቀው ለቁመናውና ለሥጋው ብሎ ነው እንጂ ለሽንት ቧንቧው ተጨንቆ አይደለም፤ ቢሆንም ለቧንቧውም የሚበጀው ያው ነው።

ጠጠሩን የሚሠራው መኖው ነው። እህልና ፉርሽካ ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል፣ ካልሲየም ያንሳቸዋል። የሚያመሰኳ እንስሳ ትርፍ ፎስፈረስ የሚያስወግድበት የራሱ መንገድ አለው፤ በምራቁ አድርጎ ወደ ጨጓራው ይመልሰውና በበጠጡ ያወጣዋል። ምራቅ ግን በማኘክ የሚመነጭ ነገር ነው። ድርቆሽና ቅጠል የበላ ፍየል ለሰዓታት ያኝካል፣ ተኝቶም ያመሰኳል። የተከካ እህል ወይም ከፋብሪካ የወጣ እንክብል መኖ የቀረበለት ግን በጥቂት ደቂቃ ውጦ ይጨርሳል። ምራቁ ሲያንስ ፎስፈረሱ ወደ ኩላሊት ይዞራል፤ ከማግኒዥየምና ከአሞኒየም ጋር ተጣምሮም ስትሩቫይት የሚባለውን አሸዋ መሰል ጠጠር ይሠራል። የሣር በል እንስሳ ሽንት አሲድነቱ ዝቅተኛ መሆኑ ደግሞ ለዚህ ጠጠር ይመቸዋል። በመኖው ውስጥ ካልሲየሙ የፎስፈረሱን ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። «እንግዲያው ካልሲየም ልጨምርለት» ብሎ አልፋልፋ ብቻ የሚያበላም አያመልጥም፤ እሱን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት፣ የካልሲየም ካርቦኔት ድቡልቡል ጠጠር ነው።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንላለን። በእርግጥም ሆዷ የተሠራው ከቁጥቋጦ ቅጠል፣ ከቅርፊትና ከሣር ላይ እየቀነጠበች ቀኑን እንድትውል ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያኝክ ሙክት እህል ጨርሶ አያስፈልገውም፤ አይወልድ፣ አይታለብ፣ ለገበያ አይሰባ።

እርጅና ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ፍየል የፊት ጥርስ ያላት በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፤ 8 ናቸው። እስከ 4 ዓመት ገደማ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን መገመት እኛም ገበያ ላይ የምናደርገው ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ይረዝማል፣ ይራራቃል፣ አንዱ ይሰበራል፣ ሌላው ይወልቃል። የመንጋጋ ጥርሶቹም ገጽ ተበልቶ ያልተስተካከለ ይሆናል። ድርቆሹን አኝኮ አኝኮ ከአፉ ይጥለዋል፤ የወገቡ አጥንት ብቅ ይላል። ባለቤቱ ያዝናል፤ የሚወድደውን፣ ለስላሳውን፣ የሚያወፍረውን ይሰጠዋል። በቆሎ፣ አጃ፣ እንክብል። ለሽማግሌ ሙክት ከሚደረጉ ክፉ ነገሮች ሁሉ ከዚህ ርኅራኄ የሚብስ ያለ አይመስለኝም፤ ከረሃብ አድኖ ለጠጠር ይሰጠዋልና። የሚሻለው ያንኑ የሣር ድርቆሽ ከትፎ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ ማቅረብ ነው። ለድድ ይለሰልሳል፣ ከመብሉ ጋር ውሃም ይገባል። የመንጋጋ ጥርሶቹንም ሐኪም ሞርዶ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

ውሃው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፍየል ውሃ በመቆጠብ የታወቀ ፍጥረት ነው፤ የኔጌቭ በረሃ ጥቁር የቤድዊን ፍየል በ2 ወይም በ4 ቀን አንዴ ጠጥቶ ይኖራል። ቆጣቢ ኩላሊት ማለት ግን ወፍራም ሽንት ማለት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ገንዳው ድረስ መሄድ ይሰለቻል፤ ተኝቶ ይውላል፤ ሽንቱ ፊኛው ውስጥ እየቆየ ደለል ይሠራል። በዚያ ላይ የሰሜን አሜሪካ ክረምት ሲመጣ ገንዳው በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ባልዲው ወደ ሽማግሌው ይመጣል እንጂ ሽማግሌው ወደ ባልዲው አይሄድም፤ አንድ ከሚተኛበት አጠገብ፣ አንድ በረንዳው ላይ፣ አንድ ጥላው ሥር። በብርድ ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ይወድዳል። በጠጥ የገባበትን ውሃ ደግሞ ቢሞት አይቀምስም፤ ፍየል ከሚባለው ሁሉ በተቃራኒ በመጠጥ ጉዳይ እጅግ የቀበጠ እንስሳ ነው። የሚልሰው ጨው ከጎኑ አይጥፋ፤ መኖው ላይ በጥቂቱ ቢነሰነስም ያስጠማዋል።

መዘጋት ሲጀምር የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። ፍየሉ ወገቡን አጉብጦ ያምጣል፣ ጭራውን ደጋግሞ ያወዛውዛል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል፣ ያቃስታል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ያየው ሰው «ሆዱ ደርቋል» ይልና ዘይት ያጠጣዋል። አንድ ቀን በዚህ ይባክናል። በጠጥ እየጣለ የሚያምጥ ሙክት የሆድ ድርቀት የለበትም፤ መታየት ያለበት ሽንቱ ነው። ፍየል ከተኛበት እንደ ተነሣ የመሽናት ልማድ አለው። ጠዋት ከመኝታው አስነሥቶ ዝም ብሎ መቆም ነው፤ በአንድ ፈሳሽ ይወርዳል? ወይስ ጠብ ጠብ ይላል? ቀልቷል? የሸለፈቱ ፀጉር ላይ እንደ ደቃቅ ጨው የሚሻክር ነገር አለ? ፀጉሩ ጭራሽ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል።

ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ያለው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይፈነዳል። ቧንቧው ከፈነዳ ሽንቱ ከሆዱ ቆዳ ሥር ይሰራጭና ያብጣል። ፊኛው ከፈነዳ ግን ሲጮህ ያደረው ፍየል በድንገት ጸጥ ይላል፤ ሕመሙ ስለሚቀልለት የዳነ ይመስላል፣ ባለቤቱም እፎይ ይላል። ሽንቱ ግን ሆድ ዕቃው ውስጥ እየፈሰሰ፣ ደሙ እየተመረዘ ነው፤ ሆዱ በግራም በቀኝም እየተነፋ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሃል በግድ ውሃ መጋት አይገባም። መውጫ ለሌለው ፊኛ ሌላ ውሃ መጨመር ነው። እቤት ያለውን የሕመም ማስታገሻ በራስ ግምት መስጠትም እንዲሁ፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የተጨነቀን ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳሉ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀላሉን ነው። ፍየሉን በማስታገሻ አደንዝዞ በቂጡ ያስቀምጠዋል፤ ብልቱን ከሸለፈቱ ያወጣና ያችን ጭራ ይቆርጣታል። ጠጠሩ እዚያ ከነበረ ሽንቱ ወዲያው ይለቀቃል። ጭራዋ በመቆረጧ ፍየሉ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ነገር ግን ፊኛው ውስጥ የቀረ ሌላ ጠጠር በኋላ ወርዶ ጠምዛዛው ላይ ሊቀረቀር ስለሚችል ባለቤቱ እፎይ ለማለት መቸኮል የለበትም። ከታች ካቴተር ማስገባት ደግሞ በሰው ወይም በውሻ እንደሚደረገው አይደለም፤ ቧንቧው ዳሌው አጠገብ ኪስ ስላለው ካቴተሩ እዚያ ይሰነቀርና ፊኛው ጋ አይደርስም። ያኔ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ብዙዎች የሚመርጡት ፊኛውን ከፍቶ ጠጠሩን ማጽዳትና አንድ ቱቦ ከፊኛው በሆዱ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ሽንቱ በቱቦው እየተንጠባጠበ ቧንቧው ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያርፋል። ቀጥሎ ቱቦው በመቆንጠጫ ይዘጋል፤ ፍየሉ በተፈጥሮ መንገዱ ከሸና ይነቀላል፣ ካልሸና መቆንጠጫው ተከፍቶ ይጠበቃል። ሌላው ዘዴ ከፊንጢጣው በታች አዲስ ቀዳዳ መክፈት ነው፤ ይህ ከወራት በኋላ እየጠበበ የመዘጋት ጠባይ አለው። የመጨረሻው ፊኛውን ከሆዱ ቆዳ ጋር መስፋት ነው። ከዚያ በኋላ ፍየሉ ዕድሜ ልኩን ሳያቋርጥ ያንጠባጥባል፤ ፀጉሩ መቆረጥ፣ ቆዳው በየጊዜው ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት፣ በሙቀት ጊዜ ከዝንብ መጠበቅ አለበት። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በሺህ ዶላሮች ይቆጠራል። ጥርስ ለሌለው፣ ኩላሊቱ ለደከመ የ14 ዓመት ሙክት ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረጉ የተሻለ ነው የሚል ሐኪም ብርቅ አይደለም፤ እኔም አልፈርድበትም።

የወጣው ጠጠር አይጣልም፤ ላቦራቶሪ ሄዶ ዓይነቱ ይለያል። ስትሩቫይት ከሆነ ሽንቱን አሲድ የሚያደርገው አሞኒየም ክሎራይድ ይታዘዛል፤ የተለመደው መጠን ከደረቅ መኖው ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ነው። መራራ ስለሆነ ፍየሉ ይጠላዋል፤ ከሚጣፍጠው ነገር ጋር ካልተቀላቀለ አይቀምሰውም። ሠርቶ እንደሆነ በመመርመሪያ ወረቀት ሽንቱ ላይ ይታያል፤ ፒኤቹ ወደ 6 እና 6.5 መውረድ ይኖርበታል። ሳያቋርጡ ዓመት ከዓመት ሲሰጡት ሰውነቱ ይለምደዋል፤ አሲዱን ለማካካስም ከአጥንቱ ካልሲየም ይስባል። አጥንቱ ለሳሳ ሽማግሌ ይህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ሐኪሙ በተወሰነ ጊዜ እየሰጠ በተወሰነ ጊዜ ያስቆመዋል። ጠጠሩ የካልሲየም ኦክሳሌት ከሆነ ደግሞ አሲዱ አያሟሟውም፤ ያኔ የቀረው መፍትሔ ውሃና መኖ ነው።

ያረጀችው እንስት ስታምጥ ወይም ደም ስታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠጠር አይደለም። የፊኛ ቁስለት ወይም በሽማግሌ ፍየሎች ላይ የሚታየው የማሕፀን ዕጢ ነው፤ አልትራሳውንድ ይለየዋል።

ሆስፒታል የሚተኛው ሙክት አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ፍየል የመንጋ እንስሳ ነው፤ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ባዶ ክፍል ሲገባ ይጮኻል፣ መብላትም መጠጣትም ይተዋል። ውሃ መጠጣት ላለበት በሽተኛ ይህ አይሆንም። ብዙ አርቢዎች ስለዚህ ከመንጋው የሚቀርበውን አንድ ጤነኛ ፍየል አብረው ጭነው ይሄዳሉ፤ ሐኪሞቹም ይፈቅዳሉ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ፍየሎች ጎን ለጎን ተኝተው ያመሰኳሉ። አንደኛው ቱቦ አለው፤ ሁለተኛው አስታማሚ ነው።