ከበሮ መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው? ከሓወልቲ የሚነሳ ጥያቄ

ለቅሶ ያለበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ጎረቤትም ቢሆን ድምፁን ይቀንሳል። ከተማው በሙሉ ለቅሶ ቤት ሲሆንስ?

መቐለ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ብዙ ቤተሰብ ግን የልጁን መርዶ የሰማው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016 የሦስት ቀን ሐዘን በታወጀበት ሰሞን ነው። እና ስሙን ከሰማዕታት ሐውልት ባገኘው በሓወልቲ ክፍለ ከተማ "ሙዚቃ ለጤና ይጠቅማል" ብትሉ፣ "ይሄ ሁሉ ሰው ሞቶ የምን ዘፈን ነው?" የሚል መልስ ቢገጥማችሁ አይገርምም።

ጥያቄው ልክ ነው። መልሱ ደግሞ እዚያው ባህሉ ውስጥ አለ።

ትግርኛ ለሐዘንም የራሱ ዜማ አለው፤ መልቀስ ይባላል። አማርኛው ሙሾ እንደሚለው ማለት ነው። አልቃሹ የሟቹን ስም፣ ዘር፣ ሥራ በግጥም እያነሳ ያወርዳል፤ ለቀስተኛው አብሮ ያለቅሳል። ሰው በአደባባይ እንዲያለቅስ ይፈቀድለታል፣ ብቻውንም አይተውም። ጦርነቱ ከወሰዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። አስከሬን የለም፣ ቀብር የለም፣ መርዶው ዘግይቷል። ያልተለቀሰ ሐዘን ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ ግጭት ባለፈበት አካባቢ ከሚኖር ሰው 22 በመቶው፣ ማለትም ከአምስት አንዱ፣ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚበቃ የአእምሮ ሐኪም የለም። ሙዚቃ እዚህ ጋ ይገባል፤ ሐኪሙን ለመተካት ሳይሆን ሐኪሙ የማይደርስበት ጋ ለመድረስ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ስንዘፍን ትንፋሻችንን በረጅሙ እናወጣለን፤ ይሄ ሰውነትን ያረጋጋል። በአንድ ምት አብረን ስናጨበጭብ ወይም ጓይላ ስንዞር ደግሞ ከማናውቀው ሰው ጋር ሳይቀር እንቀራረባለን። በጭንቀት ብዛት ከሰው ለራቀ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በጥናትም ተሞክሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት፣ ከወሊድ በኋላ ድባቴ የያዛቸው 134 እናቶች ተሳትፈው ነበር። በቡድን የዘፈኑት የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ቀድመው መሻል ጀምረዋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን ጋምቢያ ነው። እዚያ ካንየለንግ የሚባሉ፣ መካን የሆኑ ወይም ልጅ የሞተባቸው ሴቶች ማኅበራት አሉ። ነፍሰ ጡሮችን ሰብስበው ለስድስት ሳምንት በሳምንት አንድ ቀን አብረው ዘፈኑ፤ የሴቶቹ ጭንቀት ቀነሰ። ባለሙያ ከውጭ አልመጣም። ዜማውም ሰዎቹም የሰፈሩ ናቸው።

እኛስ ምን አለን? አሸንዳ አለን። በጦርነቱ ምክንያት እንደ ድሮው ሳይከበር የቆየው አሸንዳ በነሐሴ 2015 መቐለ ላይ በአደባባይ ሲመለስ፣ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው በቡድን ወጡ። ለብዙዎቹ ያ ቀን ከበዓልም በላይ ነው። ሴት ልጅ በጦርነቱ ምን እንደደረሰባት እናውቃለን፤ ሳትፈራ መንገድ ላይ መዝፈኗ በራሱ ትርጉም አለው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከበሮ ልብ ያረጋጋል፣ ልብ ያነሳሳልም። የዘመቻ ዘፈን የሞቀበት መድረክ ላይ፣ ልጁን ያጣ አባት ወይም ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ ወጣት የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ድምፁ የተለቀቀ ስፒከር ራሱ አንዳንዱን ያስደነግጠዋል።

ሰፈራችሁ ውስጥ ለመጀመር ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ከበሮ፣ ክራር ካለ ክራር፣ ቡና የሚፈላበት ግቢ፣ በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን። ስፒከር ይቅር። ዘፈኑን ተሳታፊዎቹ ይምረጡ። መዝፈን ያልፈለገ ቁጭ ብሎ ይስማ፤ ማንንም አታስገድዱ። የሚያለቅስ ካለ "በቃ፣ አይዞህ" ብላችሁ አታቋርጡት፣ ይውጣለት።

እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት ያቆመ፣ "መኖር አልፈልግም" የሚል ሰው ካያችሁ ግን ዘፈን አይበቃውም። ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ዓይደር ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ቤቱ ዘግቶ ሲቀመጥ ማንም አያየውም። ሳምንታዊው ከበሮ አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ማን እንደቀረ ይታወቃል።